የካም እርግማን፦ ኦሪት ያላለውን ማን አለው?

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ የሽምግልና ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሠፈራችን ወጣት ሚስት ለማጨት ሽማግሌ ሲልክ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ልጁ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ሠርቶ የሚያድር፣ እናቱንም የሚጦር ነው። ልጅቷም ፈቅዳዋለች። በክብር ተቀብለውን ቡና ከጠጣን በኋላ፣ የልጅቷ አጎት ስለ ልጁ የእናት ወገን ጠየቁን፤ እኛም የምናውቀውን ነገርናቸው። ሰውዬው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጁ ጨዋ ነው ብላችኋል፤ አልጠላሁትም። ነገር ግን በእናቱ በኩል የካም ልጅ ነው። ነቢዩ ኑሕ የረገሙትን ዘር ከቤቴ አላስገባም» አሉ።

ሐጂ ናቸው፤ በዕድሜም በዒባዳም የምናከብራቸው ሰው ናቸው። ከእኛ መካከል መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ይሉኝታ ይዞኝ ብቻ አልነበረም፤ የምመልሰውን ስለማላውቅ ነው። ነገሩ ከመጽሐፍ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቤት ስንወጣ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ምን እንደተባለ ሲጠይቀን ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ይህ «እርግማን» ከየት እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳደረገበት መከታተል ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ ሆኖ ስላገኘሁት እነሆ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ምዕራፉ ራሱ ምን ይላል?

ነገሩ የሚገኘው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ነው። በአጭሩ ታሪኩ እንዲህ ነው። ኖኅ ከጥፋት ውሃ በኋላ ወይን ተክሎ፣ ከወይኑ ጠጥቶ ሰከረና በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ተኛ። የከነዓን አባት ካም የአባቱን ኀፍረት አይቶ ለሁለቱ ወንድሞቹ ነገራቸው። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት እየተራመዱ አባታቸውን አለበሱት። ኖኅ ሲነቃ የሆነውን አውቆ ረገመ፤ የተረገመው ለወንድሞቹ የባርያዎች ባርያ እንደሚሆን ተናገረ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ኖኅ የረገመው ማንን ነው? ካምን አይደለም፤ የካምን ልጅ ከነዓንን ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ የካም ልጆች አራት እንደሆኑ ተዘርዝሯል፤ እነርሱም ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን ናቸው። ጥቁር አፍሪካውያን የሚያያዙት ከኩሽ ጋር ነው። ኩሽ ደግሞ በእርግማኑ ውስጥ ስሙ አልተነሳም። ሁለተኛ፣ በምዕራፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ቆዳ ቀለም አንዲት ቃል የለችም። ሦስተኛ፣ እርግማኑን የተናገረው ከእንቅልፉ የነቃው ኖኅ ነው፤ ፈጣሪ እንዲህ ብሎ አዘዘ የሚል በቦታው አልተጻፈም። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ተመራማሪዎችም ምዕራፉ የሚናገረው እስራኤላውያን ከከነዓናውያን ጋር ስለነበራቸው ግንኙነት እንደሆነ ያስረዳሉ።

ይህ ሁሉ የኦሪቱን ጽሑፍ በራሱ ቋንቋ ስንጠይቀው ነው። እኛ ሙስሊሞች ግን ከዚህም የቀደመ ነጥብ አለን። ነቢይ ሰክሮ ራቁቱን ወደቀ የሚለውን ታሪክ እምነታችን አይቀበለውም። ቁርኣን በሱረቱ ሁድ ስለ ነቢዩ ኑሕ (ዐ.ሰ.) ልጅ ሲተርክ፣ መርከቡ ላይ አልወጣም ብሎ ስለሰጠመው ልጅ ነው የሚነግረን። ስለተረገመ ዘር፣ ስለ ጠቆረ ቆዳ የሚናገር አንቀጽ በቁርኣን ውስጥ የለም። እንዲያውም ማንም ነፍስ የሌላውን ኃጢአት እንደማይሸከም ቁርኣን በተደጋጋሚ ይገልጻል። የቋንቋችንና የቀለማችን መለያየት ደግሞ በሱረቱ ሩም ከአላህ ተዓምራት መካከል ተቆጥሯል። ተዓምር የተባለውን እርግማን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እያንዳንዳችን እናስብበት።

አንዳንድ አንባብያን በቲርሚዚ የተዘገበውን፣ ሳም የዐረቦች፣ ያፊስ የሩሞች፣ ሓም የሐበሾች አባት ነው የሚለውን ሐዲስ ያነሱ ይሆናል። ይህ ዘገባ ስለ ዘር ሐረግ ብቻ ይናገራል፤ እርግማንም ባርነትም የለበትም።

እርግማኑ ወደ ቆዳ እንዴት ተሻገረ?

የኦሪቱ ምዕራፍ ይህን ካላለ ማን አለው? መልሱ ረጅም ነው። ከኦሪቱ ብዙ ዘመን በኋላ በአይሁድ የትርጓሜ ትውፊት ውስጥ ካም በቆዳው ተቀጣ የሚሉ አፈ ታሪኮች ገቡ። ከዚያም እነዚህን የመሳሰሉ ትረካዎች ወደ እኛም መጻሕፍት ተሻገሩ። በ889 የሞቱት ኢብን ቁተይባ ከየመናዊው ወህብ ኢብን ሙነቢህ ጠቅሰው፣ ካም ነጭና መልከ መልካም እንደነበረ፣ በአባቱ እርግማን ምክንያት ቀለሙ እንደተለወጠ የሚናገር ትረካ መዝግበዋል። በ923 የሞቱት ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አጥ-ጠበሪም በታሪካቸው ውስጥ የካምን ዘር ከባርነት ጋር የሚያያይዙ ዘገባዎችን አስፍረዋል።

ኡለማዎቻችን ከመጽሐፉ ባለቤቶች በኩል የመጡ እንዲህ ያሉ ትረካዎችን «ኢስራኢሊያት» ይሏቸዋል። የሃይማኖት ማስረጃ አይሆኑም። ችግሩ ግን ተራው ሰው አንድ ነገር በትልቅ ኪታብ ውስጥ ተጽፎ ሲያገኘው፣ ዘጋቢው «ተብሏል» ብሎ ያስቀመጠውን «እውነት ነው» ብሎ ማንበቡ ነው። የሐጂ ቃል የመጣው ከዚህ ነው። ከቁርኣን አልመጣም፣ ከኦሪትም በቀጥታ አልመጣም። በሁለቱ መካከል ካለው ወሬ ነው የመጣው።

ትረካ ደግሞ ገበያ ካላገኘ አይኖርም። ይህን የሚያሳይ አንድ አስገራሚ ነገር ልጥቀስ። በ12ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ፣ ጥቁር ሰው በብዛት በማይታይበት ሀገር፣ የካም ልጆች የተባሉት እነማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? ነጮቹ ገባሮች ናቸው! ባላባቶቹ ከያፌት፣ ነጻ ሰዎች ከሴም፣ ለመሬቱ ጌታ የሚያርሰው ጭሰኛ ደግሞ ከካም ተወለደ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ምዕራፉ ያው ነው፤ የተለወጠው መጫን የተፈለገበት ጀርባ ነው።

ከዚያ የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ መጡ። በነሐሴ ወር 1444 ሌጎስ በምትባለው የፖርቱጋል ወደብ 235 ምርኮኞች ከመርከብ ወርደው ለባለቤቶች ተከፋፈሉ። እናት ከልጅ፣ ወንድም ከወንድም ተለየ። ይህን የመዘገበው የንጉሡ ታሪክ ጸሐፊ ዙራራ፣ የሰዎቹን ለቅሶ ሲተርክ ልቡ እንደተነካ አልደበቀም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፉ የጥቁሮችን ባርነት ከጥፋት ውሃ በኋላ በወረደው የኖኅ እርግማን አመካኘው። የተነካ ልብ እንኳ በእርግማኑ ትረካ ጸጥ ሊል ይችላል ማለት ነው። የእርግማኑ ዋናው ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ያዘነ ሕሊናን ማስተኛት!

የተቆረጠው መጽሐፍ

የመጽሐፍ ቅዱስን አጠቃቀም ታሪክ ስከታተል ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ በ1807 በለንደን የታተመ አንድ መጽሐፍ ነው። የተዘጋጀው በእንግሊዝ ይዞታ ሥር በነበሩት የካሪቢያን ደሴቶች ላሉ ጥቁር ባርያዎች ሲሆን፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ «የተመረጡ ክፍሎች» የያዘ ነው። የፕሮቴስታንቶች መጽሐፍ ቅዱስ 1,189 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ በዚህ መጽሐፍ የገቡት 232 ብቻ ናቸው። ሙሴ (ዐ.ሰ.) ሕዝባቸውን ከፈርዖን ባርነት ያወጡበት ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል። ባርያዎች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ የሚመክረው የጳውሎስ ቃል ግን ገብቷል። ባርያና ጨዋ ልዩነት እንደሌላቸው የሚናገረው ሌላው የጳውሎስ ቃል ደግሞ ቀርቷል።

ልብ በሉ፤ አሳታሚዎቹ መጽሐፉ ለእነርሱ ቢመች ኖሮ ባልቆረጡት ነበር። ከራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ የሚያስፈራቸው ነገር ስለነበረ ነው መቀስ ያነሱት። የፈሩትም አልቀረም። በአሜሪካ የነበሩ ባርያዎች ማንበብ ሳይፈቀድላቸው የሙሴን ታሪክ በቃል ተቀባብለው የተስፋ መዝሙራቸው አደረጉት። ራሷ ከባርነት አምልጣ ሌሎችን ለማስመለጥ የተመላለሰችውን ሐሪየት ተብማንን «ሙሴ» እያሉ ይጠሯት ነበር።

በዚያው በ1807 አንድ ወንድማችን በአሜሪካዋ የቻርለስተን ወደብ በሰንሰለት ወረደ። ዑመር ኢብን ሰዒድ ይባላል። ፉታ ቶሮ ከተባለው የምዕራብ አፍሪካ አካባቢ የመጣ፣ ለብዙ ዓመታት ዒልም የቀሰመ ሰው ነበር። በ1831 በባርነት ሳለ የሕይወት ታሪኩን በዐረብኛ ጻፈ። ጽሑፉን የጀመረው በሱረቱል ሙልክ ነው። ንግሥና ሁሉ በእጁ ስለሆነው ጌታ በምትናገረው ሱራ ማለት ነው። ሌላ ሰው «የእኔ ንብረት ነህ» የሚለው ሰው ይህችን ሱራ ሲመርጥ ምን ማለቱ እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት እጆች

በመጋቢት 1861 የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ተገንጣይ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ሳቫና ከተማ ላይ ባደረጉት ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥታቸው መሠረት የዘር አለመተካከል እንደሆነ ሲገልጹ የከነዓንን እርግማን ጠቅሰዋል። በወቅቱ ከየመስበኪያው ተመሳሳይ ቃል ይሰማ ነበር።

ነገር ግን መልስ ሳይሰጣቸው አልቀረም። ከባርነት ያመለጠው ፍሬደሪክ ዳግላስ በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የሰነዘረው ክርክር እስከ ዛሬ አፍ ያስይዛል። እንዲህ ነው፦ እናንተ እንደምትሉት ባርያ መሆን የሚገባቸው የካም ዘሮች ብቻ ከሆኑ፣ በየዓመቱ ከነጭ ጌቶች በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ከባርያ እናቶች እየተወለዱ ነው፤ አባቶቻቸው እናንተው ናችሁ፤ ስለዚህ በራሳችሁ ሕግ መሠረት እነዚህ ልጆች ባርያ ሊሆኑ አይገባም። ዳግላስ ራሱ አባቱ ነጭ እንደሆነ ይነገር ነበር።

በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ ነው። የአፓርታይድ ደጋፊ የሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የባቢሎን ግንብን ታሪክ እየጠቀሱ ዘሮች ተለያይተው እንዲኖሩ ፈጣሪ ፈቅዷል ይሉ ነበር። በ1982 ግን የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ኦታዋ ላይ ተሰብስቦ፣ ለአፓርታይድ የሚሰጠውን ሃይማኖታዊ ማስረጃ ኑፋቄ ብሎታል። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ፍትሕ ልናደርግ ይገባል። መጽሐፉን ለሰንሰለት የተጠቀሙበት ክርስቲያኖች እንደነበሩ ሁሉ፣ ሰንሰለቱን ለመፍታት የተጠቀሙበትም ክርስቲያኖች ነበሩ።

ወደ ራሳችን ቤት

እዚህ ላይ ጽሑፌን አቁሜ «እነርሱ እንዲህ አደረጉ» ብዬ ብጨርስ ለአንባቢ ይጣፍጥ ይሆናል። እውነቱ ግን አይሞላም። ምክንያቱም እኔን ዝም ያሰኘኝ ቃል የወጣው ከቄስ አፍ አልነበረም። ሶላት ከሚሰግድ ሰው አፍ ነው።

የእኛ ሊቃውንት ይህን ትረካ አልተቃወሙትም ማለት አይደለም። የበስራው አል-ጃሒዝ በ9ኛው መቶ ዘመን ጥቁሮችን የሚያወድስ ድርሳን ጽፏል። በ1201 የሞቱት የባግዳዱ ኢብኑል ጀውዚ ስለ ጥቁሮችና ስለ ሐበሾች ትሩፋት አንድ ሙሉ ኪታብ አዘጋጅተው፣ የካም ቀለም በእርግማን ተለወጠ የሚለው ትረካ ያልተረጋገጠ መሆኑን አስረድተዋል። ኢብን ኸልዱን በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ ደግሞ ኦሪቱን ራሱን ምስክር አድርገው፣ በዚያ ውስጥ ስለ ጥቁረት የተነገረ ነገር እንደሌለ ገለጹ። የቀለም ልዩነት የሚመጣው ከአየር ጠባይ እንደሆነም አስተማሩ። እኚሁ ሊቅ ግን በሌላ ቦታ ስለ ጥቁር ሕዝቦች የሚያሳፍር ቃል ጽፈዋል። ይህንንም መደበቅ አይገባም፤ ዕውቀት አንዱን በር ሲዘጋ የዘመን ልማድ በሌላው ይገባልና።

የቲምቡክቱው ሊቅ አሕመድ ባባ ታሪክም የሚጠቀስ ነው። የሞሮኮ ጦር ሀገራቸውን በያዘ ጊዜ ተማርከው ወደ ማራከሽ ተወስደው ነበር። ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1615 ገደማ ከቱዋት የሰሐራ ከተሞች ጥያቄ ቀረበላቸው። ጥያቄው ጥቁሮች በካም ምክንያት ባርያ ሊደረጉ ይገባልን የሚል ነበር። እርሳቸውም በቀለም ምክንያት ማንም ባርያ እንደማይሆን መለሱ። በእርግጥ እኚህም ሊቅ ባርነትን ከሥሩ አልነቀሉም፤ በዘመናቸው ሕግ ያልሰለመ ምርኮኛ ባርያ ይሆን ነበር። የቀለሙን ሰበብ ግን ነቅለው ጥለዋል።

በሀገራችንም እጃችን ንጹሕ አልነበረም። ፍትሐ ነገሥት ለባርነት ሥርዓት ያወጣ ነበር፤ በእኛም ወገን ከምጽዋ፣ ከታጁራና ከዘይላዕ ወደቦች ባርያ ያሻገሩ ነጋዴዎች የነበሩት ሙስሊሞች ናቸው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ባርያ ነበረ። በ1942 አዋጅ ባርነት በሀገራችን ሕጋዊነቱ ቀረ፤ በሳዑዲ ዐረቢያ በ1962፣ በሞሪታኒያ በ1981 ተሻረ። አዋጅ ሰንሰለትን ይፈታል። በጋብቻ ጊዜ የምትወጣውን ያችን ቃል ግን አዋጅ አይደርስባትም።

ለዚህ መድኃኒቱ ከሩቅ አይፈለግም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ በዘለፉ ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን አሏቸው? ገና የጃሂሊያ ነገር በውስጣቸው እንዳለ ነገሯቸው። ቡኻሪ የዘገቡት ነው። አስተውሉ፤ አቡ ዘር ከቀደምት ሰሐቦች አንዱ ናቸው! እንዲህ ያለው ሰው ውስጥ የጃሂሊያ ቅሪት ከተገኘ፣ እኛ ቤት ስለመኖሩ ልንጠራጠር አይገባም። በመሰናበቻው ሐጅም ነጭ በጥቁር ላይ፣ ጥቁርም በነጭ ላይ ብልጫ እንደሌለው፣ ብልጫው በተቅዋ ብቻ እንደሆነ ተነግሮናል።

ከዚህ ሁሉ ንባብ ለራሴ ሦስት ጥያቄዎች ይዣለሁ። አንድ ሰው «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ብሎ በሌላው ሰው ላይ ሲፈርድ፣ አንደኛ፣ በእርግጥ ተጽፏልን? ሁለተኛ፣ የተጻፈው ስለ ማን ነው? ሦስተኛ፣ ይህ ትርጉም የሚጠቅመው ማንን ነው? የካም እርግማን በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል፤ ቀለም አልተጻፈምና። በሁለተኛው ይወድቃል፤ ስለ ከነዓን ነውና። በሦስተኛው ደግሞ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ጭሰኛ የሚፈልገው ባላባት፣ ባርያ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በሌሎች መጻሕፍት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ በእኛ ስም በሚነገረው ላይም ልንጠይቃቸው ይገባል።

ባለፈው ዓመት ወደ ሐጂ ቤት ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። «ሐጂ፣ ያን ጊዜ መልስ ሳልሰጥዎ ወጣሁ። ይፍቀዱልኝና ምዕራፉን ላንብብልዎ» አልኳቸው። ፈቀዱልኝ። የኦሪቱን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ብዙ ቆይተው፣ «ታዲያ ቀለሙ የት አለ?» አሉ። የለም አልኳቸው። «እኔ ከአባቴ ነው የሰማሁት፤ አባቴም ከአባቱ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎም ስለ ልጁ ጠየቁኝ።

ልጁ ከሠፈራችን ለቆ ከሄደ ቆይቷል። ልጅቷም ተድራለች። ለእነርሱ የደረሰ መልስ አልሆነም። የእኔ ዝምታ ያስከፈለው ይህን ነው። ነገ ሌላ ቤት፣ ሌላ ቡና ቀርቦ ያችው ቃል ስትወጣ ግን ከተቀመጡት አንዱ መልሱን አውቆ እንዲገኝ በማሰብ ይህን ጽፌያለሁ።

አላህ ከጃሂሊያ ቅሪት ልባችንን ያጽዳልን። ወላሁ አዕለም።